ስለ አክሲዮን፣ ቦንድና ዴሪቫቲቭ ግብይት ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሱት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከመተማና ከአብርሃጅራ ሰሊጥ የሚያመጡ ነጋዴዎችና የባንክ አክሲዮን የገዙ የከተማው ሰዎች ናቸው። መልሶቹን ሲያነቡ ሁለት ነገሮች ተመላልሰው ይመጡብዎታል። አንደኛው፣ በግብይቱ ከማዶ ያለው ሰው ማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሂሳቡ መቼና በማን በኩል ይዘጋል የሚለው ነው። የዋጋ ሥዕል ማንበብ፣ መተንበይ፣ ፈጥኖ መግባትና መውጣት የሚባሉት ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው የጀመሩ ወጣቶች ገንዘባቸውን ሲያጡ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው በዝርዝር የጻፍኩት።

ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ሲባል ምን ምን ይገባበታል?

በዋናነት ሁለት ቤተሰብ አለ። አክሲዮን የገዛ ሰው የድርጅቱ ባለድርሻ ነው። ድርጅቱ ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻ ይደርሰዋል፣ በጉባኤ ድምፅ ይሰጣል፣ ድርጅቱ ቢከስር ግን ከአበዳሪዎች ሁሉ መጨረሻ የሚቆመው እሱ ነው። ቦንድ የገዛ ደግሞ አበዳሪ ነው፤ ወለዱና ዋናው መቼ እንደሚከፈለው አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቃል።

መንግሥት የሚሸጠው የግምጃ ቤት ሰነድ ከሁለተኛው ወገን ነው። በ28፣ በ91፣ በ182 እና በ364 ቀናት የሚመለስ አጭር ብድር ነው። ወለድ የሚባል ለብቻው አይከፈልበትም። በቅናሽ ተገዝቶ በሙሉ ዋጋው ይመለሳል። ለምሳሌ በ95 ብር የተገዛ ሰነድ ቀኑ ሲደርስ 100 ብር ይሆናል፤ 5ቱ ብር የገዢው ጥቅም ነው።

ዴሪቫቲቭ የሚባለው ሦስተኛው ነገር ከእነዚህ ይለያል። ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አክሲዮን ድሮም ከባንክ ስንገዛ ነበር። አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?

ድሮ ስንገዛ የነበረው ከራሱ ከድርጅቱ ነው። ባንኩ ሲቋቋም ወይም ካፒታሉን ሲያሳድግ አዲስ አክሲዮን ያወጣል፣ እኛ ብር እናስገባለን፣ ብሩ ወደ ባንኩ ይሄዳል። ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ገበያ ይባላል። የሚከብደው መሸጡ ነበር። አክሲዮንዎን ለመሸጥ ከፈለጉ ገዢ ራስዎ ይፈልጋሉ፣ ዋጋ በድርድር ይቆርጣሉ፣ ከዚያ ባንኩ ጋ ሄደው ስም ያዛውራሉ። ጎረቤትዎ በስንት እንደሸጠ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። ልጅ ለመዳር ወይም ለሕክምና ብር ያስፈለገው ሰው፣ ያለው ሀብት በወረቀት ብዙ ሆኖ በእጁ ግን ምንም ሳይኖረው ይቀር ነበር።

አሁን የመጣው ሁለተኛ ደረጃ ገበያ ነው። መሠረቱን የጣለው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ሲሆን፣ ተቆጣጣሪውን የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ያቋቋመውም ይኸው አዋጅ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአክሲዮን ማኅበርነት ተመሥርቶ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም በይፋ ተከፈተ። አክሲዮኑን መጀመሪያ ያስመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ ገዳ ባንክ ተከተለ።

ለሀገሩ ፍጹም እንግዳ ነገር ነው ማለት ግን አይደለም። በንጉሡ ዘመን በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ነበር። ደርግ ባንኮችንና ፋብሪካዎችን በ1967 ሲወርስ የሚገበያዩበት አክሲዮን አልቀረምና ቡድኑም አከተመ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለ ገበያ ኖረናል።

ልዩነቱን በደንብ ለማየት የኢትዮ ቴሌኮምን ሽያጭ ያስታውሱ። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ተጀምሮ የካቲት 7 ቀን ተዘጋ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር፣ በቴሌብር ቀረበ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ከፍተኛው 3,333 ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን፣ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። ያ ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሽያጭ ነው፤ ዋጋው አንድ፣ ሻጩም አንድ። በሁለተኛ ደረጃ ገበያ ግን 300 ብር ብሎ የሚወስንልዎ የለም። ዋጋው የሚወጣው ከማዶ ካለው ሰው ጋር ሲገናኙ ነው።

ጎንደር ተቀምጬ መገበያየት እችላለሁ?

አዎ። ማንም ሰው በቀጥታ ወደ ገበያው ገብቶ አይገበያይም፣ አዲስ አበባ ያለውም ቢሆን። ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ባገኘ ደላላ ወይም ኢንቨስትመንት ባንክ በኩል ነው የሚገበያዩት፤ ለምሳሌ ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል ለኢንቨስትመንት ባንክነት ቀድመው ፈቃድ ካገኙት ናቸው። በስምዎ የሚከፈት ሂሳብም ያስፈልግዎታል። ምክንያቱም በገበያው የሚገበያየው አክሲዮን ወረቀት አይደለም፤ በማዕከላዊ የሰነዶች ግምጃ ቤት በኤሌክትሮኒክ የተመዘገበ ነው።

ደላላ ሲባል አራዳ ላይ ቤትና መኪና የሚያገናኘውን ሰው እንዳያስቡ። ይኼኛው ፈቃዱ የሚታይ፣ የደንበኛን ገንዘብ ከራሱ ለይቶ የመያዝ ግዴታ ያለበት ድርጅት ነው። ፈቃዱን ከባለሥልጣኑ ዝርዝር ላይ ሳያዩ አንድ ብር እንኳ አይስጡ።

ትዕዛዝ ስሰጥ ውስጥ ምን ይከናወናል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በጣም ያስደስተኛል፤ አብዛኛው ሰው «ስንት ገባ?» ብቻ ነው የሚለው። የግብይት ትምህርት ልቡ እዚህ ነው።

ገበያው የትዕዛዝ መዝገብ አለው። በአንድ በኩል መግዛት የሚፈልጉ፣ በሌላ በኩል መሸጥ የሚፈልጉ ከነዋጋቸውና ከነብዛታቸው ይሰለፋሉ። እንበልና የአንድ ድርጅት አክሲዮን መዝገብ ይህን ይመስላል። ሻጮች፦ 40 አክሲዮን በ1,010 ብር፣ 100 አክሲዮን በ1,020፣ 200 አክሲዮን በ1,050። ገዢዎች፦ 60 አክሲዮን በ990 ብር፣ 150 አክሲዮን በ980።

አሁን እርስዎ «120 አክሲዮን በተገኘው ዋጋ ግዛልኝ» ብለው አዘዙ። ይህ የገበያ ዋጋ ትዕዛዝ ነው። ሥርዓቱ መጀመሪያ ርካሹን ሻጭ ያነሳል፤ 40 በ1,010። የቀረውን 80 ከሚቀጥለው በ1,020 ይወስዳል። በድምሩ 122,000 ብር ይከፍላሉ፤ በአማካይ እያንዳንዱ 1,016 ብር ከ67 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። በስልክዎ ላይ ያዩት ዋጋ 1,010 ነበር፤ የከፈሉት ግን ከዚያ ይበልጣል። ያታለለዎ ሰው የለም። በዚያ ዋጋ የሚሸጠው 40 ብቻ ስለነበር ነው።

ሌላው መንገድ ገደብ ያለው ትዕዛዝ ነው፦ «ከ1,010 ብር በላይ አልገዛም»። ያን ጊዜ 40ውን ያገኛሉ፤ 80ው በመዝገቡ ላይ ሻጭ እየጠበቀ ይቆያል። ምናልባት ይመጣል፣ ምናልባት አይመጣም። በአንድ ዋጋ ላይ ብዙ ሰዎች ከተሰለፉ ደግሞ ቀድሞ ያስገባው ይቀድማል። ዋጋ ይቀድማል፣ ከዚያ ሰዓት፤ የዓለም ገበያዎች በብዛት የሚሠሩት በዚህ ሕግ ነው።

በ990 እና በ1,010 መካከል ያለችውን 20 ብር ልብ ይበሉ። አንድ አክሲዮን ገዝተው በዚያው ደቂቃ ቢሸጡት 20 ብር ከሥረዋል፣ የደላላው ኮሚሽን ሳይቆጠር። ይህ ክፍተት ገበያው ብዙ ተገበያይ ሲኖረው ይጠባል፣ ተገበያይ ሲያንስ ይሰፋል። የእኛ ገበያ ገና ለጋ ስለሆነና የተመዘገቡት ድርጅቶች ጥቂት ስለሆኑ፣ ለጀማሪ የምመክረው ሁልጊዜ ገደብ ባለው ትዕዛዝ እንዲሠራ ነው። ዛሬ ገዝቶ ነገ እየሸጠ ለማትረፍ ላሰበ ሰው ክፍተቱ ብቻውን ትርፉን ይበላዋል።

ትዕዛዞቹ ከተገናኙ በኋላ ርክክብ አለ፤ ብሩ ወደ ሻጭ፣ አክሲዮኑ ወደ ገዢ ይሄዳል። ይህ በየሀገሩ የተወሰነ ቀን ይወስዳል። አሜሪካ ከግንቦት 2016 ጀምሮ በማግሥቱ እንዲያልቅ አድርጋለች፤ ቀድሞ ሁለት ቀን ነበር። ቀኑን ማሳጠር ቀላል ነገር አይደለም፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ አንዱ ወገን ቢወድቅ የሚጎዳው ሌላው ነውና።

ዴሪቫቲቭ ምንድን ነው?

ዋጋው ከሌላ ነገር ዋጋ የሚመጣ ውል ነው። ያ ሌላ ነገር አክሲዮን፣ ዶላር፣ የወለድ መጠን፣ ነዳጅ ወይም እህል ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዋና ዓይነቶች ፊውቸርስና ኦፕሽን ይባላሉ።

ለጎንደር ሰው በሰሊጥ ማስረዳት ይቀላል። አንድ የመተማ ገበሬ ሐምሌ ላይ ዘርቷል። ምርቱ የሚደርሰው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ለቀን ሠራተኛ፣ ለአረም፣ ለአጨዳ ተበድሯል። የዛሬው ዋጋ ለምሳሌ በኩንታል 15,000 ብር ቢሆን ደስ ይለዋል፤ ኅዳር ላይ ስንት እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም። በሌላ በኩል አንድ ላኪ አለ። ለውጭ ገዢ ኅዳር ላይ ሰሊጥ ለማቅረብ ዛሬ ዋጋ ቆርጦ ተፈራርሟል። ገበሬው የሚፈራው የዋጋ መውረድን ነው፣ ላኪው ደግሞ መወደድን። ሁለቱ የሚፈሩት ተቃራኒ ነገር ስለሆነ መገናኘት ይችላሉ።

ፊውቸርስ የሚያገናኛቸው ውል ነው። ብዛቱ፣ የጥራት ደረጃው፣ የርክክብ ወሩና ቦታው አስቀድሞ ተወስኗል፤ ክርክር የሚቀረው በዋጋ ላይ ብቻ ነው። ገበሬው የኅዳርን ውል በ15,000 ሸጠ እንበል። ኅዳር ሲደርስ ዋጋው 12,000 ሆነ። ሰሊጡን በገበያ በ12,000 ይሸጣል፣ ከውሉ ደግሞ 3,000 ያገኛል፤ ተደምሮ 15,000። ዋጋው ወደ 18,000 ቢወጣስ? ሰሊጡን በ18,000 ይሸጣል፣ በውሉ 3,000 ይከስራል፤ አሁንም 15,000። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ ምን ጠቀመው?» ይለኛል። የጠቀመው እንቅልፍ ነው፤ ብድሩን እንደሚከፍል ሐምሌ ላይ አወቀ። በዚያ ዋጋ የሚያዋጣው ከሆነ የፈለገውን አግኝቷል።

እውነተኛው ሂሳብ ይህን ያህል ንጹሕ አይሆንም። ውሉ የሚጠቅሰው መጋዘን አንድ ቦታ ቢሆንና ገበሬው የሚሸጠው ሌላ ቦታ ቢሆን፣ የሁለቱ ቦታ ዋጋ እኩል አይንቀሳቀስም። መንገድ ሲዘጋ፣ መኪና ሲጠፋ የመተማ ዋጋ ብቻውን ይወርዳል። ፊውቸርስ ያንን ልዩነት አይሸፍንም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጃፓን ኦሳካ የዶጂማ የሩዝ ገበያ በ1730 እ.ኤ.አ ከመንግሥት ዕውቅና አግኝቶ ወደፊት የሚረከቡትን ሩዝ ይገበያይ ነበር። የቺካጎ የእህል ገበያ በ1848 እ.ኤ.አ የተመሠረተው በመኸር ጊዜ ከተማዋን የሚያጥለቀልቀው ስንዴና በቆሎ ዋጋውን ስለሚሰብረው ነው። ከዛሬዎቹ የዓለም ትልልቅ የዴሪቫቲቭ ገበያዎች የአንዱ ሥር የገበሬ ችግር ነበር ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እኮ አለን። እሱ ፊውቸርስ አይደለም?

አይደለም። ምርት ገበያው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር መሥራቿ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ነበሩ። የሚገበያየው እጅ በእጅ ነው፤ ሰሊጡ መጀመሪያ መጋዘን ይገባል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ባለቤቱ ደረሰኝ ያገኛል፣ ከዚያ የሚሸጠው ያ ያለ ሰሊጥ ነው። ገና ያልታጨደ ሰሊጥ አይሸጥበትም።

ቢሆንም ለመማር ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ገበያው ሰሊጥን ሲመድብ የእኛ አካባቢውን የሁመራ ጎንደር ነጭ ሰሊጥ ብሎ ከወለጋው ለይቶ ይመዘግባል። ፊውቸርስ የሚቆምበት መሠረት ይኸው ነው፦ የታወቀ ደረጃ፣ የሚታመን መጋዘን፣ ሂሳብን በወቅቱ የሚዘጋ ተቋም። እነዚህ በሌሉበት የወደፊት ውል መሸጥ ክርክር መሸጥ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጁ ዴሪቫቲቭን በሕግ ደረጃ ያውቀዋል፤ በሀገር ውስጥ ገበያ በተግባር የሚሸጠው ግን አክሲዮንና የመንግሥት ሰነድ ነው።

ማስያዣ የሚባለው ምንድን ነው? ለምንስ ብዙ ሰው ያከስራል?

ፊውቸርስ ሲገዙ የውሉን ሙሉ ዋጋ አይከፍሉም። ቃልዎን የሚያስከብር ማስያዣ ብቻ ያስቀምጣሉ። 100 ኩንታል ሰሊጥ በ15,000 ብር፣ ውሉ 1,500,000 ብር ነው። ማስያዣው 10 በመቶ ቢሆን 150,000 ብር አስይዘው የ1,500,000 ብር ውል ያዙ።

ዋጋው 3 በመቶ ወረደ፤ በኩንታል 450 ብር። በ100 ኩንታል 45,000 ብር ከሰሩ። ከሰሊጡ ዋጋ 3 በመቶ፣ ካስያዙት ብር ግን 30 በመቶ ነው። 10 በመቶ ቢወርድ ያስያዙት ሁሉ አለቀ። 12 በመቶ ቢወርድ 180,000 ከስረዋል፤ ያስያዙትን አጥተው 30,000 ብር ባለዕዳ ሆኑ።

ሂሳቡ ደግሞ እስከ ኅዳር አይጠብቅም። በየዕለቱ ገበያ ሲዘጋ ይሰላል፣ የከሰረው ሂሳብ ላይ ተቀንሶ ያተረፈው ላይ ይጨመራል። ማስያዣዎ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ «ጨምር» ይባላሉ። ካልጨመሩ ውሉ ይዘጋብዎታል፤ ዋጋው በማግሥቱ ቢመለስ እንኳ እርስዎ የሉበትም። በሐሳብዎ ትክክል ሆነው በብር እጥረት መክሰር የሚባለው ይህ ነው፤ በጣም የተለመደ ነው።

መሃል ላይ የሚቆመው አጣሪ ድርጅት ይባላል። ለገዢው ሻጭ፣ ለሻጩ ገዢ ይሆናል። ከማዶ ያለው ሰው ቢጠፋ ገንዘብዎ የሚከፈለው በዚህ ምክንያት ነው። ከየዕለቱ ሂሳብና ከማስያዣው ጥብቅነት ጀርባ ያለው የዚህ ድርጅት ደኅንነት ነው እንጂ ተገበያይን ለማስጨነቅ የተደነገገ አይደለም።

ሁለት ታሪኮችን ቢያጠኑ ብዙ ይማራሉ። በ1995 እ.ኤ.አ በሲንጋፖር የባሪንግስ ባንክ ሠራተኛ የነበረው ኒክ ሊሰን በጃፓን የአክሲዮን ኢንዴክስ (የብዙ አክሲዮኖች ዋጋ ጥቅል መለኪያ) ላይ ያልተፈቀደ ውል ይዞ ነበር። ኮቤን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ገበያውን ሲጥለው ውሉን አበዛው። 827 ሚሊዮን ፓውንድ ጠፋ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ባንክ ወደቀ። የሚያገበያየውም ሂሳቡን የሚመዘግበውም ራሱ መሆኑ ነበር ትልቁ ቀዳዳ። ሁለተኛው ሚያዝያ 20 ቀን 2020 እ.ኤ.አ የሆነው ነው። የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የግንቦት ውል ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ተዘጋ። በኮቪድ ምክንያት ነዳጅ የሚገዛ ጠፋ፣ መረከቢያው ኩሺንግ ላይ ማስቀመጫው እየሞላ ነበር። ውሉን የያዙና ታንከር የሌላቸው ሰዎች ነዳጁን የሚወስድላቸውን ሰው ለማግኘት ከፈሉ። የርክክብ ቀንና ቦታ በውሉ ላይ የተጻፈ ጌጥ አለመሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

ኦፕሽንስ ከፊውቸርስ በምን ይለያል?

ፊውቸርስ ግዴታ ነው፣ ኦፕሽን መብት። ያው ገበሬ «ኅዳር ላይ በ15,000 የመሸጥ መብት» በኩንታል 600 ብር ከፍሎ ገዛ እንበል። ዋጋው 12,000 ከሆነ በመብቱ ተጠቅሞ 15,000 ይቀበላል፣ የከፈለው ሲቀነስ 14,400። ዋጋው 18,000 ከሆነ መብቱን ይተወዋል፣ በገበያ ይሸጣል፣ 17,400 ይቀረዋል። ወለሉን አስጠብቆ ጣሪያውን ክፍት አደረገ፤ ለዚያ 600 ብር ከፈለ።

ከማዶ ያለውን አይርሱ። መብቱን የሸጠው ሰው 600 ብር ተቀብሏል፣ ዋጋው ሲወድቅ ግን ልዩነቱን የሚከፍለው እሱ ነው። ኦፕሽን የገዛ ሰው ከከፈለው በላይ አይከስርም። የሸጠ ሰው ግን ትንሽ በትንሽ ሲሰበስብ ከርሞ በአንድ ሳምንት ሁሉን ሊያጣ ይችላል። ጀማሪን «በየወሩ የተረጋገጠ ገቢ» እያሉ ኦፕሽን መሸጥ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን አይነግሩትም።

በቴሌግራም ፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ግብይት) አስተምረን አብረን እናተርፍ የሚሉኝ አሉ። ልግባ?

አይግቡ።

ምክንያቱን ልዘርዝር። ፒያሳ ካፌ ተቀምጠው በስልካቸው «ዶላር ከዩሮ» የሚገበያዩ ወጣቶች በአብዛኛው ወደ ማንኛውም ገበያ ትዕዛዝ አያስገቡም። ከማዶ ያለው ራሱ መተግበሪያውን የሰጣቸው ድርጅት ነው። እነሱ ሲከስሩ የሚያተርፈው እሱ ነው። 1 ለ500 የሚባል ማስያዣ፣ ማለትም በ1 ብር የ500 ብር ውል መያዝን፣ ሲሰጧቸው እንደ ችሮታ ያዩታል፤ ከላይ ባየነው ስሌት ዋጋው ከ1 በመቶ አንድ አምስተኛውን ብቻ ቢንቀሳቀስባቸው ያስያዙት ያልቃል። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ በአንድ ሻይ መጠጫ ጊዜ ውስጥ ይከሰታል።

ብሩም የሚላከው በግለሰብ ሂሳብ ወይም በክሪፕቶ ነው። ወደ ውጭ የሚወጣ የውጭ ምንዛሪ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚገዛ ነው፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ይህን አልቀየረውም። ገንዘብዎ ሲጠፋ የሚከሱት ሰው፣ አቤት የሚሉበት ቢሮ አይኖርም። ሰው ባመጡ ቁጥር ኮሚሽን የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ ግብይት የሚባል ነገር ጭራሹን የለበትም፤ የኋለኛው ገቢ ለፊተኛው እየተከፈለ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በዕቁብና በዕድር በኩል ወደ ቤተሰብ ሲገባ ዘመድ ከዘመድ እንደሚያጣላ አይቻለሁ።

ሙስሊም ነኝ። ይፈቀድልኛል?

ፈትዋ ለመስጠት ዕውቀቱ የለኝም፤ የሚያምኑትን ዓሊም ይጠይቁ። ለጥያቄው የሚረዳዎትን ብቻ ልበል። ቦንድና የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ ያለበት ብድር ነው። አክሲዮን ድርሻ ስለሆነ መልሱ ድርጅቱ በሚሠራው ሥራ ላይ ይመሠረታል፤ ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች አሉ። ፊውቸርስና ኦፕሽን ላይ ገና በእጅ ያልገባን ነገር መሸጥና የውሉ አለመለየት የሚባሉት ጉዳዮች ይነሳሉ። ይህን ለይተው ይዘው ቢጠይቁ የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

ከምን ልጀምር?

ከሂሳብ መዝገብ። የአንድን ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ይያዙና ትርፉ በአክሲዮን ስንት እንደሆነ፣ ከዚያ ስንቱ ለባለድርሻ እንደተከፈለ፣ የተበላሸው ብድር ምን ያህል እንደሆነ ራስዎ ያውጡ። አዲስ አክሲዮን ሲሸጥ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባል ሰነድ ይወጣል፤ የአደጋ ምክንያቶች የሚለውን ክፍል መጀመሪያ ያንብቡ። ከማስታወቂያው ይልቅ እውነቱ እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ የትዕዛዝ መዝገቡን በወረቀት ይጫወቱ። ሦስት አራት ጓደኛሞች ሆናችሁ አንዱ ገበያውን ይያዝ፣ ሌሎቹ ትዕዛዝ ያስገቡ። ከላይ የጻፍኩትን የ40፣ የ100፣ የ200 ምሳሌ ወስዳችሁ ብትጀምሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ክፍተትን፣ ሰልፍን፣ የገበያ ዋጋ ትዕዛዝ የሚያስከትለውን ሁሉ ታያላችሁ።

ሦስተኛው የሰሊጥን ዋጋ መመዝገብ ነው። የምርት ገበያውን የዕለት ዋጋ በየቀኑ ደብተር ላይ ይጻፉ፣ ከጎኑ በገንዳ ውኃ ወይም በመተማ የሰሙትን ዋጋ። ከዚያ ሐምሌ ላይ የኅዳር ውል እንደሸጡ ቆጥረው የየዕለቱን ትርፍና ኪሳራ ያስሉ፤ ማስያዣ ጨምር የሚባሉባቸውን ቀናት በቀይ ያክብቡ። ያለ አንድ ብር ኪሳራ አንድ የመኸር ወቅት ፊውቸርስ ተገበያዩ ማለት ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ መነሻም ይሆነዋል።

ኦፕሽንን ወደ ኋላ ያቆዩት። ስሌቱ የፕሮባቢሊቲ ዕውቀት ይፈልጋል፤ በ1973 እ.ኤ.አ የታተመው የብላክና የሾልስ የኦፕሽን ዋጋ ማስያ ቀመር የሚገባዎት ያ ሲኖርዎት ነው።

ስንት ብር ያስፈልገኛል?

ለአምስት ዓመት የማይፈልጉት ብር። ለቤት ኪራይ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለዘር መግዣ የተቀመጠ ከሆነ አይንኩት። ተበድሮ አክሲዮን መግዛትን ፈጽሞ አልመክርም።

ዘመዴ ከተመዘገበ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ትርፉ ከመነገሩ በፊት ነግሮኛል። ገዝቼ ብጠብቅ ምን አለበት?

በእኛ ዘንድ ለዘመድ ወሬ መንገር ክፉ ነገር አይመስልም፤ እንዲያውም አለመንገር ነው የሚያስቀይመው። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ከልብ እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። መልሱ ግን ግልጽ ነው። ለሕዝብ ያልተነገረ፣ ዋጋ የሚያንቀሳቅስ የውስጥ መረጃ ይዞ መገበያየት በካፒታል ገበያ አዋጁ የተከለከለ ወንጀል ነው። የሚነካው የሚገዛውን ብቻ ሳይሆን የነገረውንም ነው።

የሚጎዳው ማን እንደሆነ ያስቡ። አክሲዮኑን በርካሽ የሸጠልዎት ሰው ነው፤ ምናልባት ለሕክምና ብር የቸገራቸው የአዘዞ እናት ይሆናሉ። የሚያውቁትን ቢያውቁ በዚያ ዋጋ አይሸጡም ነበር። ዘመድዎ ሲነግርዎ «መግለጫው እስኪወጣ ልጠብቅ» ይበሉት። መግለጫው ከወጣ በኋላ የመግዛት መብትዎ እንደማንኛውም ሰው ሙሉ ነው።